የሚያፈሰው እንስራ

በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ፣ በገዳመ አስቄጥስ፣ በአንድ መነኩሴ ላይ በደል ተገኘበት። አባቶችም ሊፈርዱበት ተሰብስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊምን አስጠሩት፤ እርሱ ግን አልሄደም። ዳግመኛ በላኩበት ጊዜ ውኃ የሞላበት ቀዳዳ እንስራ ተሸክሞ መጣ። ውኃው ከኋላው በመንገዱ ላይ ይፈስስ ነበር። ምሥጢሩን ቢጠይቁት፣ የራሱ ኃጢአት ከጀርባው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው በደል ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ሙሴ ከመመንኮሱ በፊት ወንበዴ ነበር። ምሕረትን ያገኘ ሰው ምሕረትን ሊነፍግ እንደማይገባው ያወቀው ከራሱ ሕይወት ነው። በደሉን «በደል አይደለም» አላለም፤ በወንድሙ ላይ ፈራጅ ሆኖ መቀመጥን ግን አልወደደም።

ወደ ጎልጎታ የሚወጣ ምእመንም የኃጢአቱን ሥርየት ሊለምን ይመጣል። በዚያው መንገድ የባልንጀራውን አለባበስ፣ ጾሙንና ስግደቱን እየመረመረ ቢነቅፍ፣ የእርሱም እንስራ ከኋላው እያፈሰሰ ነው። እንግዲህ የወንድሙን ድካም ያየ ሁሉ አስቀድሞ ስለ ራሱ «አቤቱ ይቅር በለኝ» ይበል፤ ቀጥሎም ስለ ወንድሙ ይጸልይ።

የቅዱስ ሙሴ ጸሊም መታሰቢያ ሰኔ 24 ቀን ነው። በረከቱ በሕዝበ ክርስቲያን ሁሉ ላይ ይደር፤ አሜን።