አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት



ባለፈው ወር ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በነበረን ሐለቃ ስለ ምላስ አደጋ እየተማርን ሳለ አንድ ወንድማችን እጁን አወጣ። «ሐሜት ሰውየው በሌለበት የማይወደውን ነገር ማንሳት ከሆነ፣ በስልካችን የመጣን የመኪና አደጋ ቪዲዮ አይቶ አስተያየት መስጠትስ ምንድን ነው?» አለ። ለምን እንደጠየቀ ሁላችንም ገብቶናል። ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ኡስታዛችን ወዲያው አልመለሱም። «አንድ ጉዳይ ይዛችሁ ኑና በእሱ ላይ እንማር፤ ግን የሩቅ ይሁን፤ የቅርቡን ከያዝን የሚሸማቀቅ ሰው ይኖራል» አሉን።

እኛም የሩቅ ይዘን ቀረብን። ከትምህርት ክፍላችን መምህራን አንዱ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት በሰሜን ሕንድ በሩርኪ ከተማ ነው። ሩርኪ ለምህንድስና ተማሪ እንግዳ ስም አይደለችም፤ በ1847 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አንጋፋ የምህንድስና ኮሌጅ ያለባት ናት። መምህራችን ስለ መንገድ ደኅንነት ሲያስተምሩን የሚያነሱት ምሳሌ የሪሻብ ፓንትን አደጋ ነው። ፓንት የሕንድ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን ተጫዋች ነው። ክሪኬት ለእኛ ሩቅ ነው፤ በሕንድ ግን የክሪኬት ተጫዋች ማለት እኛ ዘንድ የሩጫ ጀግኖቻችን ማለት ነው።

ታኅሣሥ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. (30 ዲሴምበር 2022) ገና ጎህ ሳይቀድ ፓንት ብቻውን መኪናውን እየነዳ ከዴልሂ ወደ ሩርኪ ይጓዝ ነበር። እናቱን ለአዲሱ የፈረንጆች ዓመት ሳታስበው ሊያስደስታት ነው የሄደው። ከተማዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው የመንገዱን አካፋይ መትቶ ተገለባበጠና በእሳት ተያያዘ። እሱ ተረፈ። ግንባሩ ላይ ሁለት ቦታ ተቆርጧል፣ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፣ የእጁ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚቱና የእግር ጣቱ ተጎድተዋል፣ ጀርባው ተልጧል። የአንጎልና የአከርካሪ ምርመራው ግን ደኅና ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ በዴህራዱን ከተማ ታከመ። በአምስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 26፣ የሕንድ ክሪኬት ቦርድ በአየር አምቡላንስ ወደ ሙምባይ ወሰደው።

አሁን የሕዝቡን ነገር እንይ። ሚሊዮኖች ጸለዩለት። ይህ መልካም ነው። ከሐለቃችን አንዲት እህት «ሙስሊም ላልሆነ በሽተኛ ጤና መለመን ይቻላል ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ኡስታዝ የመለሱላት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግላቸው የነበረ አንድ የአይሁድ ልጅ በታመመ ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄደው እንደጠየቁት በማስታወስ ነበር። ልጁ ራስጌ ተቀምጠዋል። የበሽተኛ ራስጌ ላይ መቀመጥን ያላፈሩ ነቢይ ተከታዮች ዱዓን የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

ከዱዓው ጎን ለጎን ግን ሌላ ነገር ፈሰሰ። ፊቱ ደም ለብሶ መሬት ላይ የወደቀበት ቪዲዮ ቁርስ ሳይበላ አገር አዳረሰ። የቡድን ጓደኛው ሚስት «ቤተሰብ አለው፣ ይህን የምትለጥፉ እፈሩ» የሚል ይዘት ያለው ተግሣጽ በአደባባይ እስከመጻፍ ደርሳለች። ወዲያው ደግሞ መንስኤ ፍለጋ ተጀመረ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነው ብሎ መናገሩን ፖሊስ ገለጸ። ቀጥሎ ከጉድጓድ ሊሸሽ ሲል ነው ተባለ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ደግሞ በዚያ ቦታ ጉድጓድ የለም አለ። ጠጥቶ ነው፣ ሲበር ነው የሚለው ወሬ ግን ማንንም አልጠበቀም። ፖሊስ የፍጥነት ካሜራዎችን ተመልክቶ ከገደቡ ሲያልፍ አላገኘሁትም ብሏል። ከሁሉም የከፋው «የአካባቢው ሰዎች እሱን ትተው ገንዘቡን ዘርፈው ሸሹ» የሚለው ነበር። ይህንንም ፖሊስ ንብረቱ አልተዘረፈም ሲል አስተባበለ። ማስተባበያው ግን እንደ ወሬው አልሮጠም። የአንድ አካባቢ ነዋሪ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሌባ ተባለ፤ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው ስለመኖሩ የሰማነው የለም።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘችን፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። ይህን አንቀጽ ሁላችንም በልጅነታችን በመድረሳ ተምረነዋል። ኡስታዝ ያስተዋሉልን ነገር ግን አዲስ ሆነብን፦ በዚያው ሱራ ውስጥ ከማጣራት ትእዛዝ ጥቂት አንቀጾች አለፍ ብሎ ጥርጣሬ፣ መሰለልና ሐሜት በዚህ ቅደም ተከተል ይመጣሉ። በሰው አደጋ ላይ የምናደርገው ልክ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ «ጠጥቶ ይሆናል» እንላለን። ከዚያ ገጹን፣ ፎቶውን፣ የሆስፒታል ክፍሉን እንበረብራለን። ከዚያ እናወራለን።

ወደ አውሮፕላኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የተናደደው በእሱ ነውና። አደጋው በደረሰበት ቀን የኡታራካንድ ክልል ዋና ሚኒስትር የሕክምና ወጪውን መንግሥት እንደሚሸፍን፣ ካስፈለገም የአየር አምቡላንስ እንደሚቀርብ ተናግረው ነበር። በመጨረሻ ማጓጓዙን ያዘጋጀው ቦርዱ ቢሆንም ጥያቄው ተነሥቶ አልቀረም፦ «ለድሃ ልጅስ አውሮፕላን ይመጣለት ነበር?»

የዚህን ጥያቄ ግማሽ የሚመልሰው ፊዚክስ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቦርዱ ያኔ የሰጠው ምክንያት ፓንት በመደበኛ የመንገደኛ በረራ መጓዝ በሚችልበት ሁኔታ ላይ አይደለም የሚል ነበር። ቅንጦት የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። የአውሮፕላን ክፍል ግን በአየር ግፊት ረገድ የመሬት ወለል አይደለም፤ በመደበኛ በረራ ግፊቱ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለ ተራራ ጋር ሊስተካከል ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ለምንኖር ይህ ምንም አይደለም፣ የምንተነፍሰው ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ ለተነሣ ቁስለኛ ግን ግፊቱ በሩብ ያህል ወረደ ማለት ነው። በቦይል ሕግ ስናሰላው የታሸገ አየር በአንድ ሦስተኛ ያህል ይለጠጣል። ደረቱ ውስጥ አየር ያመለጠበት ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። አዲስ በታሰረ ጄሶ ውስጥ የቀረ አየርና የሚያብጥ ሥጋ የእግሩን ደም ሊያፍን ይችላል። የተበጠሰ ጉልበት በመንገደኛ ወንበር አይዘረጋም፤ ታጥፎ ለሰዓታት ከተቀመጠ ደም ሊረጋበት ይችላል። ከዴህራዱን እስከ ሙምባይ በአየር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመኪና ይሂድ ብንል ከአንድ ቀን በላይ በመንገድ ንቅናቄ መታሸት ነው። የአየር አምቡላንስ ማለት እንግዲህ አልጋ፣ ኦክስጅን፣ መከታተያ መሣሪያና ባለሙያ ያለበት፣ ሲያስፈልግም ዝቅ ብሎ በመብረር የክፍሉን ግፊት ወደ መሬት ወለል ማስጠጋት የሚችል ትንሽ ሆስፒታል ነው። ያ ጉልበት ጥር መጀመሪያ ሳይደርስ ሙምባይ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ፓንት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወደ ጨዋታ ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት ሰኔም ከቡድኑ ጋር የዓለም ዋንጫ አነሣ።

የቀረው ግማሽ የፍትሕ ጥያቄ ነው። እሱን በፊዚክስ አንዘጋውም። በ2022 እ.ኤ.አ. በሕንድ መንገዶች ላይ 168,491 ሰዎች እንደሞቱ የአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስቴር መዝግቧል። በቀን ሲካፈል ከ460 ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ጠዋትም ስማቸውን ማንም ያልጠራቸው ብዙዎች መንገድ ላይ ቀርተዋል ብሎ ማሰብ ግምት አይሆንም። «የእነሱስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቅናተኛ ሊባል አይገባውም። ዑለሞቻችን ሐሰድንና ጊብጣን ለይተውልናል። ሐሰድ ጸጋው ከሌላው ሰው እንዲወገድ መመኘት ነው። ጊብጣ ግን ከእሱ ሳይጎድል ለእኔም ይሁን ማለት ነው። «ለሁሉም ይድረስ» የሚለው ከሁለተኛው ወገን ነው፤ እኛም እንለዋለን። «ለእሱም ባልመጣ ነበር» የሚለው ከመጀመሪያው ነው። በስልክ ሲጻፉ ሁለቱ በአንድ ዓይነት የቁጣ ቃል ስለሚጻፉ፣ ልዩነቱን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ቀልብ ብቻ ነው።

ነገር ግን የተደሰተውም የተቆጣውም አንድ ነገር ስቷል ብለን እናምናለን። ፓንትን ከሞት ያዳነው አውሮፕላኑ አይደለም። አውሮፕላኑ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው፣ የመጣውም ለጉልበቱ ነው። በዚያ ጎህ የደረሰው የሀርያና ክልል የሕዝብ አውቶቡስ ነበር። ሹፌሩና ረዳቱ መኪናዋ ስትገለባበጥ አይተው አውቶቡሳቸውን አቆሙ፣ ሮጠው ሄደው ሰውየውን ከመኪናዋ አራቁት፣ ጨርቅ አለበሱት፣ አምቡላንስ ጠሩ። የአካባቢው ወጣቶችም አገዙ። ሹፌሩ ኋላ ሲጠየቅ ክሪኬት እንደማይከታተልና ማን እንደሆነም እንዳላወቀው ተናግሯል። ይህች ቃል ሐለቃችንን ለጥቂት ጊዜ ዝም አሰኘችው። ያ ሁሉ አስተያየት የተሰጠው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው። እርዳታው የተሰጠው ስሙ ሳይታወቅ ነው። ስለዚህ «ለድሃ ልጅስ?» ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ አንድ ሰው በዚያ ጠዋት በተግባር መልሷል።

ይህ በሕንድም ቀላል አይደለም። ሰው ቁስለኛ ካነሣ በኋላ በፖሊስ ይመላለሳል፣ የሆስፒታል ሂሳብ ይጠየቃል ብሎ ይፈራ ስለነበር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ረዳቶችን የሚጠብቅ መመሪያ አጸደቀ፤ በ2019 ደግሞ በሕግ ገባ። በ2021 የከፋ አደጋ የደረሰበትን ሰው በጊዜ ሆስፒታል ላደረሰ 5,000 ሩፒ ሽልማት ተመድቦ ነበር። ሕግ እስኪወጣ ድረስ ሰው መንገድ ላይ ያለ ሰውን ለማንሣት ይፈራ ነበር ማለት ነው። እኛስ?

እንግዲህ ወደ ወንድማችን ጥያቄ። ባለፈው ሴሚስተር ከግቢያችን በር ውጭ አንድ ተማሪ ባጃጅ ገጨው። ያኔ ከመስጂድ የወጣን ብዙዎች እዚያ ነበርን። ስልክ ያወጣን ነበርን፤ ቁጥራችንን አንጽፍም፣ አንድም ቢሆን ብዙ ነው። ቪዲዮው በቴሌግራም ሲሄድ ከእኛው ቡድን ነው የወጣው። የልጁ እናት ልጃቸው መገጨቱን ያወቁት ጎረቤት ስልክ አሳይቷቸው ነው። ያነሡት አንድ ጎልማሳ የጉልበት ሠራተኛ ናቸው፤ የተሸከሟቸውን ብሎኬት አስቀምጠው፣ ልጁን አቅፈው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ስማቸውን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። አልሐምዱሊላህ ልጁ ድኗል፣ ወደ ክፍልም ተመልሷል። እኛ ግን ሰላም ስንለው ዓይኑን ማየት ይከብደናል።

የተቸገረን ሰው ያየ አላህን ከዚያ ስለጠበቀው እንዲያመሰግን በሐዲስ ተምረናል። ኢማም አን-ነወዊ ይህን ምስጋና ሰውየው እንዳይሰማውና ልቡ እንዳይሰበር ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማለት እንደሚገባ ዑለሞች መናገራቸውን ጽፈዋል። ምስጋናን እንኳ ከቁስለኛ ጆሮ የደበቀ ሥርዓት ነው ያለን። ኡስታዝ ለወንድማችን የሰጡት መልስ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከሐለቃው በኋላ ሦስት ነገሮች ላይ ተስማምተናል። የአደጋ ምስል በጀመዓው ቡድን ውስጥ ከተላከ አስተዳዳሪዎቹ ያጠፉታል፣ የላከውም ለብቻው ይመከራል። ተማሪውን ይቅርታ የሚጠይቁ ሁለት ወንድሞች ተመርጠው ሄደዋል፤ ምን እንዳላቸው የእሱ አማና ስለሆነ አንጽፈውም። ሦስተኛው፣ ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ደም ማቆምን፣ የአንገት ጉዳት የተጠረጠረበትን ሰው አያያዝና የአምቡላንስ አጠራርን ሊያስተምሩን ፈቃደኛ ሆነዋል። ትምህርቱ የሚጀምረው በመጪው ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ለእህቶች የተለየ ክፍል ተዘጋጅቷል። ንጹሕ ሻሽ ወይም አሮጌ ነጠላ ይዛችሁ ኑ፤ ማሰሪያ ለመለማመድ ያስፈልጋል። ብሎኬቱን አስቀምጠው ልጁን ያነሡትንም አባት የሚያውቃቸው ካለ ይንገረን፤ የግንባታው ሥራ ስላለቀ እስካሁን ልናገኛቸው አልቻልንም።

ወላሁ አዕለም።