ስሎት ለምታወዳድር ልጄ

ልጄ፣ በጎንደር በፒያሳም በማራኪም ወጣቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው «የቱ ስሎት ይሻላል?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ከዳባትና ከደባርቅ ለትምህርት የመጣ ልጅም ቤተሰቡ በቴሌብር የላከለትን ይዞ ይቀላቀላል። የእኔ ምክር አትጀምር ነው። ማወዳደርህ ካልቀረ ግን የትኛው እንደሚያበላህ ሳይሆን የትኛው ምን ያህል እንደሚበላህ አስላ።

1. ፈቃዱን ቀድመህ እይ። በአገራችን የዕድል ጨዋታን ሲፈቅድና ሲቆጣጠር የኖረው በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። በቴሌግራም የተላከልህ ድረ ገጽ ፈቃድ ከሌለው፣ ብርህን ቢያስቀርብህ አቤት የምትልበት በር የለም።

2. የመመለሻ መጠኑን ፈልግ። በጨዋታው መግለጫ ውስጥ «አርቲፒ» ይባላል። 96 በመቶ ከሆነ፣ ተጫዋቾች ካስያዙት ከእያንዳንዱ 100 ብር በረጅም ጊዜ አማካይ 96ቱ ይመለሳል፣ 4ቱ አጫዋቹ ቤት ጋ ይቀራል። አራት ብር ትንሽ ትመስላለች። የተመለሰልህን ሁሉ መልሰህ ስታስይዝ ግን 100 ብርህ በአማካይ በ10ኛው ዙር ወደ 66፣ በ50ኛው ወደ 13 ይወርዳል።

3. ፍጥነቱን ለካ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። በየ6 ሰከንዱ 10 ብር የምታስይዝበት ጨዋታ በሰዓት 600 ጊዜ ይሽከረከራል፤ 6,000 ብር አስያዝህ ማለት ነው። መመለሻው 96 በመቶ ቢሆንም በአማካይ 240 ብር ይወስድብሃል። መመለሻው 94 በመቶ ሆኖ በሰዓት 200 ጊዜ ብቻ የሚሽከረከረው ግን የሚወስደው 120 ብር ነው። ቸር የሚመስለው ጨዋታ ሲፈጥን ከንፉጉ ይብሳል።

4. አማካዩን የዛሬ ማታ ዕጣህ አድርገህ አትቁጠረው። አንዱ ጨዋታ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ይሰጣል፤ ሌላው ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ለጥቂቶች ብዙ ይሰጣል። አማካዩ የሚታየው በሚሊዮን ዙሮች ነው፤ ያንተ ኪስ ደግሞ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

5. «አሁንስ ሊደርስ ነው» አትበል። ቻርልስ ፌይ በሳን ፍራንሲስኮ የሠራው የመጀመሪያው ዘመን የስሎት ማሽን በዓይን የሚታዩ ሦስት መንኮራኩሮች ነበሩት። ዛሬ ውጤቱን የሚወስነው በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረው ሥዕል ብቻ ነው። ያለፈው ዙር ስለሚቀጥለው አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አቪዬተር የተባለው የአውሮፕላን ጨዋታም እንዲሁ ነው። አውሮፕላኑ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይነግራል እያለ መተግበሪያ የሚሸጥልህ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ቢያውቅማ ራሱ ይበላበት ነበር።

6. ቦነሱን አስላ። 500 ብር ቦነስ ሰጥተው «ከማውጣትህ በፊት 30 እጥፍ ተጫወት» ካሉህ 15,000 ብር ማስያዝ አለብህ። መመለሻው 96 በመቶ ከሆነ፣ ከዚያ የሚቀርብህ 4 በመቶ በአማካይ 600 ብር ነው። ስጦታው 500፣ ዋጋው 600።

7. ከዕቁብ ጋር አስተያየው። አሥር ሆናችሁ በየሳምንቱ 500 ብር ብትጥሉ፣ ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰውም መጨረሻ የደረሰውም 5,000 ብር ይዞ ይወጣል። በስሎት ዕጣው የሚወስነው የማን ብር እንደሚቀር ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለማዳበሪያ ወይም ለእናትህ መድኃኒት የተያዘ ብር እዚያ አይግባ።

8. የተበላህበትን ለማስመለስ አትመለስ። ብድር የሚጀምረው፣ ውሸት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። «ላስመልስና ልተው» የሚለው ሐሳብ ሲመጣብህ መተግበሪያውን አጥፋው፤ ብርህንም ለምታምነው ሰው በአደራ ስጥ።

9. ማቆም ካቃተህ ተናገር። ለታላቅ ወንድምህ፣ ለንስሐ አባትህ ወይም ለሼሁ ንገር። ይህ ሱስ የሚታከም ሕመም ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ዕዳህ ትንሽ ሳለ ብትሄድ ይሻላል፤ ትልቅም ሆኖ ከሆነ ዛሬውኑ ሂድ። የተበላው ብር ሠርተህ የምትተካው ነው፤ እኛ የምንሳሳው ላንተ ነው።