የጭንቀት ሕመም በደም ምርመራ ይታወቃልን?

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ ጉዳይ እናነሳለን። አንድ ሰው በድንገት ልቡ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያልበዋል፣ «መሞቴ ነው» ይላል። ሐኪም ቤት ሲደርስ «ደምህ ደህና ነው» ይባላል። ከዚያ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ «አስመስሎ ነው» ሲል ሌላው «ጂን ነው» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ነው።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር አቀበቱን ስንወጣ ልባችን ይመታል፣ ያልበናል። ምክንያቱን ስለምናውቅ ግን አንደነግጥም። በድንገተኛ የፍርሃት ሕመም (ፓኒክ) ይኸው ስሜት ያለ አቀበት ይመጣል። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል፤ ሰውየው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚያዞረው በዚህ ነው። ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጫፍ ደርሶ ከዚያ ይበርዳል።

ታዲያ ደም ይናገራልን?

ተመራማሪዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን፣ የሰውነት መቆጣት ምልክቶችንና ሌሎችንም በጭንቀት ሕመምተኞች ደም ውስጥ ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ኒኩሌስኩና ባልደረቦቻቸው የጭንቀትን ደረጃ የሚያመለክቱ የጂን ምልክቶች በደም ውስጥ እንዳገኙ አሳትመዋል። ተስፋ ሰጪ ሥራ ነው። ሆኖም «ይህ ሰው የፓኒክ ሕመም አለበት» ብሎ የሚወስን፣ በሐኪም ቤቶች የተለመደ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ስለዚህ በዚህ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ቢኖር ተጠንቀቁ።

የደም ምርመራው ጥቅም ሌላ ነው፤ ጭንቀት የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎችን ይለያል።
1. የእንቅርት (ታይሮይድ) ሆርሞን ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል።
2. የደም ማነስ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮችንና የወር አበባ የሚበዛባቸውን ሴቶች ያጠቃል።
3. በስኳር ሕመምተኛ ላይ የደም ስኳር ሲወርድ ላብና መንቀጥቀጥ ያመጣል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ስሜቱ ከተመላለሰ «ምንም የለብህም» ማለት አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር መሄጃው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ባለሙያው በሽታውን የሚለየው ሕመምተኛውን በማነጋገር ነው። በአካባቢያችን የደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የአማኑኤል ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣሉ።

ምን እናድርግ?

• ስሜቱ ሲመጣ ተቀምጦ ቀስ ብሎ መተንፈስ፤ ማስወጣቱን ከማስገባቱ ማስረዘም።
• ጫትንና ብዙ ቡናን መተው፤ ሁለቱም ልብን ያስመታሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ። የለመደ ሰው በረመዳን ራስ ምታትና ብስጭት እንዳያገኘው ከሻዕባን ጀምሮ ቢቀንስ ይሻላል።
• ለደም ማነስ ምስር፣ ጤፍ፣ ጎመንና ሥጋ መመገብ፤ ለምግብ አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም።
• የታዘዘ መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በራስ ፈቃድ አለማቋረጥ። ለጾም ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ሱሑር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ። የማስተኛ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መውሰድ ሱስ ያስይዛል።
• ደረት ሲጫን፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ሲሄድ፣ ወይም ራስን ሲስቱ «ጭንቀት ነው» ሳይሉ ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ።

ዱዓ፣ ቁርኣንና ሶላት ልብን ያረጋጋሉ፤ ሕክምናን ግን አይከለክሉም። መታከምን ያስተማሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። የታመመን ሰው «ኢማንህ ደክሞ ነው» ብሎ ማሳፈር ሁለተኛ ሕመም መጨመር ነው። እጁን ይዘን ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ ዱዓችንም አይለየው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።