«ሰው የለኝም» እንዳይሉ

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደተጻፈው ይህ ሰው 38 ዓመት ታሟል። ጌታ ሲጠይቀው ግን ከሕመሙ አስቀድሞ የነገረው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው።

ምእመናን ሆይ! የመርሳት በሽታ የያዛቸውን እናት አባቶቻችንን «ጃጅተዋል» ብለን እንተዋቸዋለን። እነርሱ ግን ስማችንን ቢረሱም ብቸኝነቱ ይሰማቸዋል። ምግብ ሲጠሉ፣ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ከሰው ሲሸሹ «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው። በዚህ በሽታ ላይ አዘውትሮ የሚደረበው ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ እርዳታም አለው። ጠበሉን እያስጠመቅን ሐኪምም እናማክር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ስንጠይቃቸው «እኔ ማን ነኝ?» እያልን አንፈትናቸው። ስማችንን ነግረን፣ እጃቸውን ይዘን እንቀመጥ።
2. ከልጅነት የለመዱት ጸሎትና መዝሙር ብዙ ጊዜ ቶሎ አይጠፋባቸውም፤ አብረን እንዘምር።
3. ከጽዋ ማኅበራቸው ከቀሩ ማኅበርተኛው ወደ ቤታቸው ይሂድ።
4. ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን እንጠይቅ፤ መድኃኒታቸውን በራሳችን አናስቀር።
5. የምታስታምመውን ልጅም አንርሳት፤ እንድታስቀድስ አንድ እሑድ ተራ እንያዝላት።

መጻጉዕ ያጣውን ሰው እኛ እንሁንላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።