ኪራይ ለሁለት ይካፈላል፣ ታክሲ ግን አይካፈልም



ከግቢ ውጭ ቤት የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፣ «ርካሽ ክፍል የት አለ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁን በዚህ እትም መልሱን በቁጥር እንየው። እኛ ራሳችን ሁለት ሆነን ዘነበወርቅ አንዲት ክፍል ተከራይተን አንድ ዓመት አምስት ኪሎ ተመላልሰናል። ደላላው «ታክሲው በር ላይ ነው» ብሎን ነበር፤ አልዋሸም። ሰልፉም በር ላይ ነበር።

ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የሚከተሉትን ቁጥሮች ለስሌት ያህል ብቻ ያዙና የራሳችሁን ተኩበት። ዘነበወርቅ ያለው ክፍል በወር 4,000 ብር፣ አምስት ኪሎ አካባቢ በእግር 20 ደቂቃ የሚያስኬደው ደግሞ 6,000 ብር ነው እንበል። ከዘነበወርቅ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሦስት ጊዜ እንሳፈራለን። አንዱ ጉዞ 15 ብር ቢሆን ደርሶ መልስ 90 ብር፣ በ22 የትምህርት ቀን 1,980 ብር ይሆናል። ብቻውን ለሚከራይ እንግዲህ ልዩነቱ 20 ብር ብቻ ነው፤ ርካሽ ያልነው ቤት ርካሽ አልነበረም።

ሁለት ስትሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ እኛም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ኪራዩ ለሁለት ሲካፈል ዘነበወርቅ 2,000፣ አምስት ኪሎ 3,000 ይደርሳል። ታክሲው ግን አይካፈልም፤ ወያላው ከእያንዳንዳችን ይቀበላል። ስለዚህ የዘነበወርቁ ለአንድ ሰው 3,980 ብር ሲሆን የአምስት ኪሎው 3,000 ብር ነው። አብሮ የሚኖረው ሰው በበዛ ቁጥር ቅርብ ያለው ቤት ይረክሳል ማለት ነው። እኛ የክፍሏን ዋጋ ብቻ እያየን በየወሩ ወደ አንድ ሺህ ብር እያንዳንዳችን መንገድ ላይ ስንጥል ኖረናል፤ ያውም የምሕንድስና ተማሪዎች ነን። ወያላው መንገዱን አቆራርጦ ሲጭን የከፈልነው ሳይደመር ነው።

ሰዓቱንም አስሉት። አንድ ሰዓት ተኩል ከ20 ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ጉዞ ልዩነት 70 ደቂቃ ነው። ይህ በወር 51 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል፤ ከአንድ ሳምንት የሙሉ ጊዜ ሥራ ይበልጣል። በመግሪብና በዒሻ መካከል ያለው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይርቅም። ከመግሪብ ትንሽ ቀደም ብሎ የተሳፈረ ሰው ሳይወርድ የመግሪብ ወቅት ሊያልቅበት ይችላል። እኛ ሜክሲኮ ላይ እየወረድን መስገድ ለመድን፤ ከሶላት በኋላ ግን ሰልፉን ከጫፍ እንጀምራለን።

«አንድ ሰዓት ተኩል» ያልነው ደግሞ አማካይ ነው። አንድ የዝናብ ሰኞ 12፡45 ላይ ወጥተን 3፡10 ደረስን። ፈተናው የተጀመረው 2፡30 ላይ ነበር። ከሁለታችን አንዱ በዚያ ቀን ምክንያት ኮርሱን ደግሟል። ስለዚህ ቤት ስትመርጡ የደህናውን ቀን ሳይሆን የክፉውን ቀን ሰዓት ያዙ።

ዘነበወርቅን ግን ሩቅ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ሩቅነት ከየት እንደሚለካ ይወስነዋል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. አለርት የተቋቋመው እዚያው ላይ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ከሆስፒታሉ ላለመራቅ ዙሪያውን ሰፈሩ። ለእነርሱ ከተማው ሩቅ ቢሆንም የሚያስፈልጋቸው ቅርብ ነበር። አለርት ለሚማር የጤና ተማሪ ዛሬም ቅርብ ሰፈር ነው።

ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ረጲ፣ ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ክምር አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ክምሩ ሥር ይኖሩ የነበሩ ናቸው፤ ከፊሎቹ እንጀራቸውም እዚያው ነበር። ቅርበትም ዋጋ አለው፤ ለእነርሱ የሚመርጡት ሌላ ቦታ አልነበረም። የሚመርጥ ሰው ግን ቤቱ ከምን አጠገብ እንዳለም ይይ።

ዘነበወርቅ ቤተሰብ ጋር የምትኖሩ ስሌታችሁ የተለየ ነው። ኪራይ የለም፣ የእናት ምግብ አለ፤ 1,980 ብሩን ብትከፍሉም ታተርፋላችሁ። እህቶቻችን ግን ከመሸ በኋላ ከታክሲ ወርደው የሚሄዱትን መንገድ ቀድመው ያስቡበት፤ ይህ በብር አይተመንም።

ስለ ውሉ በአጭሩ፦ በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የስድስት ወር አምጡ የሚላችሁ ካለ ይህን አሳዩት።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያ በር ተነስታችሁ ክፍላችሁ እስክትገቡ ድረስ ሰዓትና ብር መዝግቡ። ማታ 12 ሰዓት ላይም መመለሻውን ሞክሩት፤ የእኛ ዓመት ያለቀው በዚያኛው ሰልፍ ላይ ነው።