ርካሹ የኪያር ዘር የትኛው ነው?

ለጓሮና ለትምህርት ቤት አትክልት ቦታ የተዘጋጀ አጭር ትምህርት



እንደሚታወቀው ከዚህ ተቋም ስንወጣ ወደ ቀብሪ በያህ፣ ወደ አውበሬ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወይም ወደ ሺኒሌ ልንመደብ እንችላለን። እዚያ የዘር ሱቅ ከደጃፋችን ላይገኝ፣ የቧንቧ ውሃም በየቀኑ ላይመጣ ይችላል። ኪያር ግን ከሩዝ ጋር ለሚቀርበው ሰላጣ ተፈላጊ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥም ስለሚደርስ ለተማሪ ማስተማሪያ ይመቻል። ስለዚህ «የትኛውን ዘር እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል እንላለን።

1. ወጪው የቱ ላይ ነው?

ብዙ ሰው የሚያየው በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ነው። እስቲ እናስላው። በጓሯችን 6 እግር ኪያር አለ እንበል። እያንዳንዱ በአማካይ በቀን 1 ሊትር ውሃ ቢጠጣና ከዘሩ እስከ መጨረሻው ለቀማ 80 ቀን ቢቆይ 480 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 24 ጊዜ ይሆናል። በየሰፈራችሁ የአንዱን ጀሪካን ዋጋ በ24 አባዙት። በአንጻሩ በ1 ግራም ውስጥ 30 ያህል የኪያር ዘር ስለሚገኝ፣ ለ6 እግር ሁለት ሁለት ፍሬ ብንዘራ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ኪሳችንን የሚጎዳው ውሃው ነው እንጂ ዘሩ አይደለም። በመሆኑም ርካሽ ዘር የምንለው ቶሎ የሚያፈራውን፣ በሽታ የሚችለውንና ለከርሞ ዘር የሚተርፈውን ነው።

2. የዝርያ ምርጫ

«ትንሽ ኪያር» ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ተክሉ ራሱ አጭር የሆነ፣ ሌላው ሐረጉ ረጅም ሆኖ ፍሬው ትንሽ የሆነ ነው። ሲገዙ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሀ/ ቤት አልፋ፦ ፍሬው ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ቆዳው ስስ ስለሆነ ሳይላጥ ይበላል። ስሙን ያገኘው በ1922 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተችው ቤት አልፋ ከምትባል የእስራኤል የገበሬዎች መንደር ነው። ግን ጥንቃቄ! ዛሬ በዚህ ዓይነት ስም የሚሸጡ ዲቃላ ዘሮች ብዙ ናቸው።

ለ/ ናሽናል ፒክሊንግና ቦስተን ፒክሊንግ፦ የቆዩ ዝርያዎች ናቸው። ፍሬያቸው አጭርና ብዙ ነው፤ በኮምጣጤም ይቀመጣል።

ሐ/ ስፔስማስተር፦ ሐረጉ ከ1 ሜትር አይበልጥም፤ በጆንያ ወይም በባልዲ ይበቅላል። ያዳቀሉት የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሄንሪ ማንገር ናቸው። የጅግጅጋ ነፋስ ረጅም ሐረግ ስለሚያንገላታ ለግድግዳ ሥር ይመረጣል።

መ/ ማርኬትሞር 76 እና ፖይንሴት 76፦ ፍሬያቸው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ቅጠል የሚያደርቁ የሻጋታ በሽታዎችን ይቋቋማሉ። በለጋነቱ ከተለቀመ እነሱም «ትንሽ ኪያር» ናቸው እኮ!

እነዚህ ሁሉ ዘራቸው እናቱን የሚመስል ነው። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ግን ዲቃላ ነው። ዲቃላ በጥሩ እንክብካቤ ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ይህን አንክድም። ሆኖም ከእሱ የተያዘ ዘር ልዩ ልዩ ዓይነት ስለሚያወጣ በየጊዜው መግዛት ግድ ይሆናል። ያለ ንብ የሚያፈሩት የመስታወትና የላስቲክ ቤት ዝርያዎች ደግሞ ፍሬ ውስጥ ዘር የላቸውም። ከሱቅ ርቆ ለሚመደብ መምህር ሁለቱም አያዋጡም።

3. ቦታና ወቅት

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ኪያር ደግሞ ብርድ አይወድም። «ዲራ» በሚባለው የበልግ ዝናብ ወይም «ከረን» በሚባለው የክረምት ዝናብ መግቢያ መዝራት ይሻላል። ሺኒሌ ግን ቆላ ነው። ሙቀት ሲበረታ ተክሉ ወንዴ አበባ ያበዛና ፍሬው ያንሳል። ስለዚህ እዚያ የሚመረጠው ቀዝቀዝ የሚለው ወቅት ነው።

4. ውሃ አያያዝ

በደረቅ አገር ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ይደርቃል። ይልቅ መደቡን ዝቅ አድርጎ መቆፈር፣ የበሰበሰ ፍግ መጨመርና በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ማልበስ ይገባል። የዉዱእ ውሃ ሳሙና የለበትምና በሥሩ ላይ ቢፈስ ጥሩ ነው፤ የኦሞ ውሃ ግን አይሆንም። ኪያር ጥሬውን ስለሚበላ በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ ወደ አፍ አይግባ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ነበር። ከምክንያቶቹ መካከል ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተሳበው ውሃ፣ ለከተሞች የተወሰደው መጠጥ ውሃና ከዳገቱ ታጥቦ የገባው ደለል ይገኙበታል። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውሃ ቢይዝም ትምህርቱ አይረሳም። ሐይቅ ካለቀ የእኛ ጀሪካን ምን ይሁን!

5. ዘር ማስቀረት

ከጠንካራው ተክል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ እስኪቢጫ ድረስ ሳይቆረጥ ይቆይ። ከዚያ ዘሩን ከነዝልግልጉ በጣሳ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አሳድሮ ማጠብ፤ የሚንሳፈፈውን መጣል፣ የሰመጠውን በጥላ ማድረቅ ነው። በደረቅ ቦታ በደንብ ከተቀመጠ እስከ 5 ዓመት ይበቅላል። ለዘር ሲባል በአንድ ጓሮ አንድ ዝርያ ብቻ ይተከል፤ ንብ ሁለቱን ዝርያ ታዳቅላለችና። «ዱባ አጠገብ ያለ ኪያር ይመራል» የሚባለው ግን ልማዳዊ ወሬ ነው፤ ዱባና ኪያር አይዳቀሉም። ምሬትን የሚያባብሰው አንዱ ነገር የውሃ ጥም ነው።

እንግዲህ አንድ ፓኬት ዘር ይዞ የሄደ መምህር፣ በዓመቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት አምስት ፍሬ ዘር ወደ ቤቱ ሊልክለት ይችላል። ከዚህ የሚረክስ ዘር የት ይገኛል?

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ የጀሪካን ዋጋ መሠረት የ6 እግር ኪያር የውሃ ወጪ ስንት ነው? ጉዝጓዝ ሲሶውን ውሃ ቢያድንስ?
2. ወንዴና ሴቴ አበባን በምን ትለያላችሁ? (ፍንጭ፦ ከሴቴዋ ጀርባ ትንሽ ኪያር አለች።)
3. ይህን ትምህርት ለ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በ40 ደቂቃ ለማስተማር የትምህርት ዕቅድ አውጡ።