ስለ ብጉር መድኃኒትና ስለ ፊት መቈጣት

ብዙ ሰዎች ብጉርን የጕርምስና ምልክት ነው በማለት አቃለው ያዩታል። ነገር ግን በፊቱ ቍስል ምክንያት በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ማንበብ የሚያፍረውን ተማሪ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። እንዲህ ያለው ልጅ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ይገዛና ቶሎ ለመዳን ሲል ጧትና ማታ አብዝቶ ይቀባል። በሳምንቱ ፊቱ ተቃጥሎ ሲላላጥ መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ሎሚና ወደ ጥርስ ሳሙና ይሄዳል። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የተቈጣ ስፍራ ከዳነ በኋላ ብዙ ጊዜ ለወራት የማይጠፋ ጥቍረት ይተዋልና።

«ማቃጠሉ መሥራቱን ያሳያል» የሚባለው ስሕተት ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው መድኃኒት ከመቶ 2.5፥ 5 እና 10 እጅ ሆኖ ይሸጣል። በምርመራ እንደ ተረጋገጠው፥ 2.5 የሆነው ያበጠውን ብጉር በመቀነስ ከ10ሩ ብዙም የማያንስ ሲሆን፥ ቆዳን የሚያስቈጣው ግን በጥቂቱ ነው። እንግዲህ «ኀይለኛውን ስጠኝ» ማለት ምን ይጠቅማል? (ይህ መድኃኒት ቀለም ያስለቅቃልና የነጠላን ጥለትና የትራስ ልብስን መጠበቅ ያስፈልጋል።)

ከቪታሚን ኤ ወገን የሆኑት ትሬቲኖይንና አዳፓሊን ደግሞ የቆዳ ቀዳዳ እንዳይደፈን ይረዳሉ። ሆኖም የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ለጊዜው ስለሚያሳሱት ቆዳው ርጥበቱን መያዝ ይሳነዋል፤ መድረቁና መላላጡም ከዚህ የተነሣ ነው። ቆዳው ግን ጊዜ ከተሰጠው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። ነፍሰ ጡር ሴት እነዚህን ሁለቱን ልትቀባ አይገባትም።

አቀባቡም እንደዚህ ነው። ማታ ፊትን በለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ሳይፈትጉ መታጠብ፥ ከደረቀም በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ መቈየት ይገባል፤ ርጥብ ፊት መድኃኒቱን አብዝቶ ይመጣልና። ለፊት ሁሉ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች፤ የዓይንን ዙሪያ፥ የአፍንጫን ጥግና ከንፈርን አይነኩም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሦስት ሌሊት አንድ ጊዜ፥ ቀጥሎም አንድ ሌሊት እያሳለፉ መቀባት ነው። ቆዳው ስስ የሆነ ሰው አስቀድሞ ሽታ የሌለው የፊት ማለስለሻ ቅባት ቢቀባ፥ መድኃኒቱንም በላዩ ቢያደርግ ይሻለዋል። ቢለበልበው ለጥቂት ሌሊቶች ያቋርጥና አሳንሶ እንደ ገና ይጀምር። ፍሬውም የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በአሥር ቀን ተስፋ መቍረጥ አይገባም። ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይን በባርኔጣ ወይም በጃንጥላ መከላከል ያሻል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነውና።

የተቈጣውን ፊት ለማብረድ ሲሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የሚቀቡ አሉ። እነዚህ ለጥቂት ቀን ያሳምራሉ፤ ሲውሉ ሲያድሩ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፥ ራሳቸውም ብጉር ያወጣሉ። ፊቱ ያበጠ ወይም ውኃ የቋጠረ ሰው መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም ይሂድ።